መልስ፦ አረንጓዴው የቡና ፍሬ ለምን ጠቁሮ ይረግፋል?
ጤና ይስጥልኝ። ከሐዋሳ እየተመላለሱ በሚያለሙት የወንዶ ገነት ማሳዎ ላይ ገና ያልቀላ ቡና ጠቁሮ እንደሚረግፍ ጽፈው፣ መንስኤው የዝናብ እጥረት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከገለጻዎ የምጠረጥረው በ1971 እ.ኤ.አ. በሀገራችን መኖሩ የታወቀውን ፈንገስ የሚያመጣውን የቡና ፍሬ በሽታ ነው።

ፍሬውን በእጅዎ ይዘው ይመርምሩት። የበሽታው ምልክት እንደ መርፌ ጫፍ ባለች ጥቁር ነቁጥ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየጎደጎደ ይሰፋል፤ እርጥበት ሲኖርም ፈዛዛ ሮዝ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ) ያወጣል። ድርቅ ያረገፈው ፍሬ እንዲህ ያለ ቁስል የለውም። ያልጎደጎደ፣ ነጣ ያለና ቡሽ የመሰለ ጠባሳ ካዩ ግን ፍሬው በሽታውን እየተቋቋመ ስለሆነ ያንን ዛፍ እባክዎ አይንቀሉት።

ስፖሩ በዝናብ ጠብታ እየተረጨ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስለሚዛመት፣ ደርቆ ዛፉ ላይ የቀረውን ጥቁር ፍሬ ለቅመው ያስወግዱ፤ ዛፉን ይግረዙ፤ የበዛውንም ጥላ ያሳሱ። የመዳብ ፀረ-ፈንገስ የታመመ ፍሬ አያድንም፤ የሚጠቅመው አስቀድሞ ከተረጨና በዝናቡ ወራት ከተደጋገመ ብቻ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ግን በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መትከል ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 በሰፊው ይታወቃሉ፤ እኔ ግን የሲዳማን ጣዕም ለመጠበቅ ስል ለአካባቢው የተለቀቀውን አንገፋን አስቀድማለሁ። ከመወሰንዎ በፊት የታመሙ ፍሬዎችን በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው ይርጋለም ለሚገኘው የአዋዳ ምርምር ንዑስ ማዕከል ያሳዩ።