ከዋጋው በፊት ሶኬቱን ያሳዩኝ

ጥያቄው ከልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ የመጣ ነው። ጠያቂዋ የ2008 ሞዴል ኮሮላቸውን ሸጠው ሰፋ ያለ አውቶሞቢል ሊገዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የመኪና ሞዴል ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጠዋት ሁለት ልጆች አራት ኪሎ ትምህርት ቤት አድርሰው ቦሌ ሥራ ይገባሉ፤ ማታ በዚያው ይመለሳሉ፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሐዋሳ ያሉ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። እሳቸው ዓይናቸው ያረፈው ከቻይና በሚገባው አዲስ ኤሌክትሪክ ቶዮታ ቢዚ 3 ላይ ነው። ባለቤታቸው ደግሞ «ያገለገለም ቢሆን የ2018 ካምሪ» ብለው ጸንተዋል። አስመጪው ለቢዚ 3 ሁለት ፕሮፎርማ ሰጥቷቸዋል፤ ባለ ትልቁ ባትሪ ከባለ ትንሹ በ600 ሺህ ብር ይበልጣል። የካምሪው ዋጋ ከባለ ትንሹ ጋር ተቀራራቢ ነው። የቱን ልግዛ ይላሉ። በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ ኮሮላው መሪ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» እንደሚል ጠቅሰዋል።

እህቴ፣ መልሴን አላቆይብዎትም፤ ባለ ትንሹን ባትሪ ቢዚ 3 ይግዙ። ነገር ግን መኪናው የሚያድርበት ቦታ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ በዓይንዎ ሳያዩ አንድ ብር ቀብድ እንዳይከፍሉ።

መጀመሪያ ለባለቤትዎ ፍርድ ልስጥ፤ ሞኝ ምርጫ አልመረጡም። ካምሪ እኔ ራሴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ጋራዤ ሆኜ ስፈታውና ስገጥመው የኖርኩት መኪና ነው። ባለ 2.5 ሊትር ሞተሩ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት አያስቸግርም። የሚሰበረውም ነገር አብዛኛው ሶማሌ ተራ ሄደው እስከ ምሳ ሰዓት ያገኙታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ገበያ ላይ ያለው ካምሪ አስቀድሞ የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚሰቀለው መኪናው ስለታደሰ ሳይሆን ሌላ ስለማይመጣ ነው። ለአሮጌ ሞተር የአዲስ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነም ሻጩ አይነግርዎትም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ማንኛውም የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጡ እግርዎ ነዳጁን አጥብቆ የሚረግጠው ለዚህም ጭምር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም።

አሁን ወደ ሶኬቱ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ የቻርጀሩን መሰኪያ በፌስታል ቋጥሮ አመጣልኝ። ከፌስታሉ ሳወጣው ሁለቱ የብረት እግሮች ጠቁረዋል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ሻማ ወርዶ ደርቋል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር በተሠራ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አውርዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሞላ ከርሟል። መኪናው ምንም አልሆነም። ቤቱ አለመቃጠሉ ግን የፈጣሪ ሥራ ነው።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ትልቁን ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ላስገጥም» ይላሉ። ለእርስዎ አያስፈልግም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መኪናው በከተማ አነዳድ ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል ብንል፣ የእርስዎ 30 ኪሎ ሜትር 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በ16 አምፒር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ይህ የእንጀራ ምጣድዎ ከሚስበው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የቀኑን መንገድ ለመተካት ምጣዱን ለአንድ ሰዓት ተኩል እንደ መጣድ ነው። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ እንኳ ሳይሞሉ ይነዳሉ።

ማሟላት ያለብዎት ይህን ነው፦ ከእርስዎ ቆጣሪ ተነስቶ እስከ ማቆሚያው የሚደርስ፣ ከቤቱ መስመር የተለየ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፤ ርቀቱ ከ30 ሜትር ከበለጠ ባለ 6። የራሱ የ16 አምፒር ማቋረጫ፣ ከእሱ ጋር ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው የሚቆርጥ መከላከያ፣ ዝናብ የማያስገባ ሶኬት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሬት መስመር። በብዙ ኮንዶሚኒየም የሶኬቱ የመሬት ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ምጣዱም ፍሪጁም ዝም ብለው ስለሚሠሩ ማንም አያውቅም። መኪናው ግን ያውቃል፤ የመሬት መስመር ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ መኪናው ተበላሽቷል ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወስደው ያስለኩ። የሕንፃውን ኮሚቴ ፈቃድም በጽሑፍ ይያዙ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ጎረቤት ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ገመዱን መዘርጋት ካልተፈቀደልዎ ምክሬ ይገለበጣል። በየሳምንቱ ሕዝብ መሙያ ጣቢያ ወረፋ ከመጠበቅ የባለቤትዎን ካምሪ ይግዙ።

ስለ 600 ሺህ ብሩ። ትንሹ ባትሪ 49.92 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ትልቁ 65.28። በቻይና መለኪያ የመጀመሪያው 517፣ ሁለተኛው 616 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፏል። የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው፤ እኔ ሩቡን ቀንሼ ነው የማምነው። ያኔ ትንሹ 390 ገደማ፣ ትልቁ 460 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 600 ሺህ ብር የሚገዛልዎት ከ70 እስከ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የትልቁ ሞተር ጠንከር ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ አራት ኪሎ ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ማን ይሮጣል?

ትልቁን የሚጠይቅ ጉዞ ቢኖር ሐዋሳ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር። በፈጣኑ መንገድ በሰዓት 120 ከነዱ ትንሹ ባትሪ አያስተማምንም። በ80 እና በ90 መካከል ከነዱ ግን ተርፎት ይደርሳል፤ ወላጆችዎ ቤት በምጣዱ ሶኬት አድሮ ይሞላል። መመለሻው ላይ ልብ ይበሉ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከነተሳፋሪው ወደ 2 ቶን የሚመዝን መኪና ሽቅብ ነው የሚያወጡት። ለከፍታው ልዩነት ብቻ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ይህም 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሲሄዱ የተረፈውን አይተው ሲመለሱም ያው ይሆናል ብለው እንዳይገምቱ። ሞጆ ላይ ቡና እየጠጡ የሚሞሉበትን ቦታ አስቀድመው ይወቁ።

ሁለቱንም መኪኖች የምከስስበት ነገር ወገባቸው ነው። በኮሮላዎ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 2,600 ሚሊ ሜትር አለ። በካምሪው 2,825፣ በቢዚ 3 ደግሞ 2,880 ነው። እየረዘመ ሲሄድ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱ ይቀርባል። አብዛኛው ሴዳን ከመሬት እስከ ሆዱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ዋናዎቹ ጎዳናዎች ታድሰው እንደ መስታወት ቢሆኑም ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ያው የድሮው ነው። ካምሪ ሲነካ የሚጫረው ማርሚታው ነው፤ በያጅ ይድናል። ቢዚ 3 ሲነካ የሚጫረው የባትሪው መያዣ ነው። አንዱን ከስር ሳየው ሽፋኑ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ነጭ ጭረት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የድንጋይ ጫፍ ያክል ስርጉድ ነበር። ባትሪው ደህና ነበር፤ ባለቤቱ ግን ያን ሌሊት አልተኛም። ስለዚህ መኪናውን ሲሞክሩ ብቻዎን አይሞክሩት። ባለቤትዎንና ልጆቹን አሳፍረው እቤትዎ በር ያለውን ጉብታ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብለው ይለፉበት። ከነካ አስመጪውን ከስር የሚገጠም መከላከያ እንዲያስገጥም ያስገድዱት፤ ይህ በዋጋ ድርድር ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

የቻይና ገበያ መኪና መሆኑም የራሱ ዕዳ አለው። የመሙያ አፉ ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ በአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ብቻ የሚሠራ ጣቢያ አይረዳዎትም። ስክሪኑ በቻይንኛ ሊመጣ ይችላል። ቋንቋውን እንቀይራለን ካሉ እርስዎ ፊት ይቀይሩት። «ዋስትና አለው» ሲሉዎት ደግሞ ወረቀቱን ይዩና ማኅተሙ የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአስመጪው ብቻ ከሆነ ዋስትናው ዕድሜው የሱቁን ያህል ነው። የፊት መብራት ቢሰበር ከቻይና እስኪመጣ መኪናው ሳምንታት ይቆማል። ለዚህ ነው ሙሉ ኢንሹራንስ ይግቡ የምለው። ዓመታዊ ክፍያውን ከወዲሁ ከዋጋው ላይ ይደምሩት።

«አዲስ» የተባለውም አዲስ መሆኑን እንይ። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2323 ካለ በ2023 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ 10ኛው ፊደል ፒ ከሆነ የ2023፣ አር ከሆነ የ2024፣ ኤስ ከሆነ የ2025 ሞዴል ነው። ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ሆኖ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብዙ አለ። ባትሪው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ስለሆነ በቀላሉ አይሞትም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ይህን ሲያውቁ ሻጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ፕሮፎርማው ላይ ቀኑን ይመልከቱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ የሚጸና ለቀናት ነው፤ «እስከ ዕቃው መድረስ አይቀየርም» የሚል መስመር በውሉ ያስገቡ። የወር ወጪውን ደግሞ ራስዎ ያስሉት። በወር 900 ኪሎ ሜትር ለካምሪ ከ90 ሊትር አያንስም፤ ለቢዚ 3 የመሙያ ብክነቱን ጨምሮ 130 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አንዱን በመጨረሻው የነዳጅ ደረሰኝዎ፣ ሌላውን በመብራት ሒሳብዎ ያባዙት። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል ከአሁኑ ታሪፍዎ ትንሽ አብልጠው ይያዙ። ልዩነቱን ለባለቤትዎ ያሳዩ፤ ከእኔ ይልቅ ወረቀቱን ያምናሉ።

ከገዙ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን እስከ 100 በመቶ ይሙሉት፤ ይህ ዓይነት ባትሪ መጠኑን በትክክል የሚያሳየው ያኔ ነው። ላቫጆ ሲወስዱት ኮፈኑን ከፍተው በግፊት ውሃ እንዲያጥቡት አይፍቀዱ። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪም አይርሱ፤ እሷ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነሳም።

ኮሮላው ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የፊት ጎማውን የሚያዞረው አክስል ጫፍ ላይ ያለው ጆይንት ነው። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ቅባቱ ወጥቷል፤ አቧራ ገብቶበታል። ድምፅ ከጀመረ ሽፋን መቀየር አይበቃም፤ ጆይንቱ ራሱ ይቀየራል። ሳይሸጡት ያሠሩት። ገዢው ይዞት የሚመጣው መካኒክ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ አንድ ዙር ከነዳው በኋላ የሚቀንስብዎት ገንዘብ ከጥገናው ዋጋ እጥፍ ይሆናል።