«እንቁረብ ስለው ፊቱን ያዞራል»

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። በሰማንያ ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በርበሬ ይነግዳል፣ እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክረምት ላይ አንዲት ባልደረባዬ የሜጋን ጉድንና የዴቨን ፍራንክሊንን «ዘ ዌይት» (መጠበቅ) የሚባል መጽሐፍ አዋሰችኝ። ሜጋን አሜሪካዊት ተዋናይት፣ ዴቨን የፊልም ሰውና ሰባኪ ናቸው፤ እስኪጋቡ ድረስ በንጽሕና እንደቆዩ፣ እግዚአብሔርን እንዳስቀደሙ ይተርካሉ። አንብቤ አለቀስሁ። ማታ ማታ እየተረጎምሁ ለባለቤቴ አነብለት ጀመር። «እኛም እንቁረብ» አልሁት። ዝም አለ። ስደግመው «እነሱ ሌላ፣ እኔ ሌላ» ብሎኝ ወጣ። አሁን መጽሐፉን ሳወጣ ፊቱን ያዞራል። አይወደኝም ይሆን? ለነፍስ አባታችን ልንገርበት?

መልስ

እህቴ፣ እነዚያ ሰዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ተጋቡ፤ መጽሐፉ በ2016 ወጣ። በ2021 መጨረሻ ባልየው ፍቺ ጠየቀ፣ በዓመቱም ፍቺው ጸደቀ። ይህን የምልሽ ልፈርድባቸው አይደለም፤ የጻፉትን ከልባቸው እንደጻፉት አምናለሁ። ግን ባልሽን የለካሽበት ትዳር ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ያንቺ ሰባት ሞልቶታል።

ዝምታው ደግሞ ሌላ ነገር ይመስለኛል። በእኛ አገር ሰማንያ ይፈታል፤ ከቆረቡ በኋላ ግን እንዲያ የለም። ስንቱ ባልና ሚስት ልጅ ድሮ፣ ጠጉሩ ሸብቶ ነው የሚቆርበው! ገበያ የሚውል ሰው ደግሞ ይምላል፣ ይቆጣል፣ ከሰው ይጣላል። «በዚህ አፌ እንዴት?» ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገሩን አቅልሎ የሚያይ ሰው ቢሆን እሺ ብሎሽ ያድር ነበር።

«ልንገርበት» ብለሻል። አትንገሪበት፤ ይህ ክስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው እንኳ ሲለያዩ ተስማምተው ይሁን ብሏል። ለጸሎት እንዲህ ከሆነ፣ ሁለታችሁንም ለዕድሜ ልክ ለሚያስረው ቁርባን ምን ያህል መስማማት ያስፈልግ!

መጽሐፉን ለባልደረባሽ መልሺላት። ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍልተሽ «ምን ያስፈራሃል?» በይው፤ የሚለውን ሁሉ እስኪጨርስ ስሚው። የነፍስ አባታችሁ ዘንድ መሄድ ከፈለገ አብራችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር። «ገና ነኝ» ካለሽም ጠብቂው።

አይወደኝም ይሆን ላልሽው፣ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሲያስመዝን ውሎ ማታ ማታ የማያውቃቸውን ሰዎች ታሪክ ካንቺ አፍ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ከርሟል።