ማሽኑ መቼ ዝም ይበል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በድምፅ የሚታዘዝ የስልክ መልስ ሰጪ እየሠራን ነው። ንግግሩ የተጣደፈ እንዳይመስል ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ የ1 ሰከንድ ፋታ አስገባን። አሁን ደዋዮች መሃል እየገቡ ይናገራሉ፤ ሥርዓቱም ይደናበራል። ፋታውን እናጥፋው?

መልስ፦ አታጥፉት፤ ቦታውን ቀይሩ። ሰው ጥያቄ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው መልስ እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ10 ቋንቋዎች ይህንኑ ለክቶ፣ ልዩነታቸው ጠባብ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ ሐሳቡ ካለቀ በኋላ የሚመጣ የ1 ሰከንድ ዝምታ ለጆሮ «ተራው ያንተ ነው» ማለት ነው። ደዋዩ አፉን ሲከፍት ማሽኑ ይቀጥላል፤ ድምፅ ሰምቶ ቀጥ ይላል፤ ደዋዩም ያቋረጠ መስሎት ዝም ይላል። ትንሽ ተጠባብቀው ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ።

ፋታ የሚያምረው ሐሳቡ ባልተቋጨበት ቦታ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ለዚህ ይመቻል። «ሂሳብዎን ለማወቅ… ‹ሂሳብ› ይበሉ» ሲባል፣ «ለማወቅ» ላይ 200 ሚሊሰከንድ ቢቆም ማንም አይገባም፤ የቀረ ነገር እንዳለ ጆሮ ያውቃል። «ይበሉ» ካለ በኋላ ግን ወደሚቀጥለው አማራጭ ለመሻገር ከ300 እስከ 400 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግብዣ ይሆናል።

ጥያቄው ደግሞ መጨረሻ ይምጣ። «ምን ልርዳዎት?» ብሎ ዝም፣ ከዚያ «ለምሳሌ…» ብሎ መቀጠል ራሱ ግጭት መጥራት ነው። ምሳሌዎቹ ይቅደሙ፣ ጥያቄው ይከተል፣ ማይክሮፎኑ ወዲያው ይከፈት።

ጥያቄ፦ ባለ 8 አኃዝ የማረጋገጫ ቁጥር እናነባለን። ሰው ሁሉ «ድገሚልኝ» ይላል።

መልስ፦ ቁጥሩን ከፋፍሉት። «የማረጋገጫ ቁጥርዎ» ካለ በኋላ 400 ሚሊሰከንድ፤ ከዚያ «አራት ስምንት ሁለት»፣ 600፤ «ዘጠኝ አንድ አምስት»፣ 600፤ «ሦስት ሰባት»። ሰው እየጻፈ የሚሰማ ከሆነ 600ውን ወደ 1000 ከፍ አድርጉት። አኃዞቹን በፊደል ጻፏቸው፤ አለዚያ አንዳንዱ የንግግር ሞተር (ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሶፍትዌር) «አራት መቶ ሰማንያ ሁለት» ብሎ ያነባቸዋል።

ፋታውን በኤስኤስኤምኤል (ለንግግር ሞተሩ ጽሑፉ እንዴት እንደሚነበብ የሚነገርበት የምልክት ቋንቋ) «ብሬክ» ታግ፣ ማለትም የፋታ ምልክት፣ ስታስገቡ ጊዜውን በሚሊሰከንድ ጻፉ። ታጉ «ደካማ»፣ «መካከለኛ»፣ «ጠንካራ» የሚሉ ደረጃዎችም አሉት፤ ግን የየደረጃውን ርዝመት እያንዳንዱ ሞተር እንደራሱ ስለሚተረጉመው፣ ሞተር በቀየራችሁ ቁጥር ንግግሩ ይለወጣል። የወጣውን ድምፅ በድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ዝምታውን ለኩት። ሥርዓተ ነጥቡ በራሱ ፋታ ፈጥሮ ከታጉ ጋር ተደምሮ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሥርዓታችን ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንቶችን ሳይጨርሱ ያቋርጣቸዋል።

መልስ፦ ይህ ማሽኑ የሰውን ዝምታ የሚታገሥበት ልክ ነው፤ ለሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት ይበላሻል። ለ«አዎ» ወይም «አይ» ከ600 እስከ 700 ሚሊሰከንድ ይበቃል። የስልክ ቁጥር ለሚናገር ሰው ግን ከ1500 በታች አትውረዱ፤ በቁጥሮቹ መካከል ራሱ ያርፋል፣ ወረቀትም ያያል። በዚህ ላይ ሥርዓቱ የሰማቸውን አኃዞች ይቁጠር፦ 10 አኃዝ የሚጠበቅ ከሆነና 6 ብቻ ከገቡ 2500 ድረስ ይጠብቅ፤ 10 ሲሞላ ግን በ300 ማዳመጡን ያቁም።

ትዕግሥቱን የትም ቦታ በጅምላ አታርዝሙት። የጨመራችሁት ጊዜ በእያንዳንዱ መልስ ላይ መዘግየት ሆኖ ይመጣል፤ መረጃ የሚፈለግበት ጊዜም ይጨመርበታል። ጠቅላላው ከ2 ሰከንድ ካለፈ ደዋዩ «ሃሎ? ሃሎ?» ማለት ይጀምራል፣ ያም እንደ መልስ ይቆጠርበታል። ስለዚህ መልሱ እንደገባ «እሺ፣ እያየሁ ነው» የሚል አጭር ቃል ይቅደም፤ ፍለጋው ከኋላው ይሂድ።