ጥያቄና መልስ፦ ጆሮ ጩኸትን ይለምዳል?

ከደብረ ብርሃን፣ ጆሯቸውን በክብሪት እንጨት ማጽዳት ይቻል እንደሆነ የጠየቁ አባት፦ አይቻልም። ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ከመሐል ሜዳ የጻፈልን ወንድማችን 9 ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ጥጥ ይወትፋል፤ ማታ ማታ ጆሮው ይጮኻል፤ ባለቤቱ ስታናግረው ድምጿን ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። «ጩኸቱን ግን ለምጄዋለሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ጆሮ ጩኸት አይለምድም። እንደ ድሮው የማይረብሽህ መስማትህ ስለቀነሰ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ህዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት የሚያቅትህ፣ የሴትና የሕፃን ንግግር የሚምታታብህ ለዚህ ነው።

የጩኸት መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ በ85 ዴሲቤል ጩኸት ውስጥ መዋል የሚቻለው 8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 4 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ። መለኪያ ባይኖርህም፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ካለው አስፈጪ ጋር ለመነጋገር ከጮህክ ከ85 አልፈሃል።

ጥጡን ተወው፤ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። የስፖንጅ መድፈኛ ግዛ። ዱቄቱን ከእጅህ ታጠብ፤ መድፈኛውን በጣትህ እያሸህ እንደ ጧፍ አቅጥነው፤ በሌላው እጅህ በራስህ ላይ አሻግረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፤ አስገባና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። አብዛኛው ውጭ ከቀረ አልገባም፤ አውጥተህ ድገም። ከወፍጮው በኩልም ያለቀ ኩሽኔታና የላላ ብሎን ጩኸት ይጨምራሉ፤ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ የተቀደደ ማርሚታም እንዲሁ። ድንጋዩንም ያለ እህል አታዙር።

የመስማት ምርመራ ግዴታህ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈህ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን ጊዜ አለህ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ሰርግ ላይ ከሞንታርቦ ምን ያህል ይራቅ? ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ያን ያህል አይቀንስም። ሕፃን ይዛችሁ ከፊቱ አትቀመጡ፤ እባካችሁ።

ከደብረ ሲና፣ ጠዋት ስትነሳ አንድ ጆሮዋ መስማት ያቆመባት እህት፣ «ሳምንት ልጠብቅ?» ትላለች። አትጠብቂ! ይህ እንደ ድንገተኛ ሕመም የሚታይ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ መድኃኒቱ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።