ከግፊቱ በፊት መለኪያው፦ ስለ ተርቦ መኪናና ስለ ኔትወርክ ሙያ ለጠየቃችሁኝ

ቀን ቀን የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ እጄ ከሞተር ዘይት አይለይም። ይህን የምታውቁ አንባቢዎች ስለ ሁለቱም ትጠይቁኛላችሁ። የሰሞኑን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከመልሶቼ ጋር አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው ተርቦ ነው። ፋብሪካው የሰጠው ግፊት 0.8 ባር ነው። ጓደኞቼ «ሶፍትዌሩን አስቀይረህ 1.4 ባር አድርገው፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» ይሉኛል። ልስማቸው?

አሁን አትስማቸው። አንድ ቀን 1.4 ላይ ልትደርስ ትችል ይሆናል፤ «ሌላ ምንም አያስፈልገውም» የሚለው ግን ሞተር ያስበላል።

ተርቦ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ አንዱን ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው መጭመቂያ ደግሞ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ ያው ነው። አየር ሲጠቀጠቅ መሞቁም ያው ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ አየር በ0.8 ባር ሲጨመቅ 100 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። 1.4 ባር ስታደርገው ወደ 145 ዲግሪ ይጠጋል። ይህ ስሌት መጭመቂያው በ70 በመቶ ብቃት ሲሠራ ነው። ትንሽ ተርቦ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ብቃቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ከዚህ ያልፋል። የፋብሪካው ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) የተመጠነው ደግሞ ለመጀመሪያው ሙቀት እንጂ ለሁለተኛው አይደለም።

ትኩስ አየር ሳስቶ ነው የሚገባው፤ መለኪያው ላይ ግፊት ቢታይህም ኦክስጅኑ ያሰብከውን ያህል አይደለም። የከፋው ግን ማንኳኳቱ ነው። ካንዴላው ለኩሶ እሳቱ ገና ሳይዳረስ፣ ዳር ላይ ያለው የነዳጅና የአየር ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር በሴንሰሩ በኩል ይህን ሲሰማ የማቀጣጠያውን ጊዜ ያዘገያል፤ ስለዚህ ለጊዜው ይታደግሃል፣ ጉልበቱን ግን መልሶ ይወስደዋል። መታደግ ሲያቅተው የፒስተኑ ዳር ይሰበራል፤ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል።

ነዳጁንም አስብ። 1 ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በሙሉ ግፊት ላይ ግን ሞተሩን ለማቀዝቀዝና ከማንኳኳት ለመጠበቅ ነዳጁ ይበዛና የአየሩ ልክ ወደ 12 ኪሎ አካባቢ ይወርዳል። ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ይህን ማድረስ ካቃታቸው ድብልቁ የሚሳሳው ሞተሩ በጣም በተጨነቀባት ሰከንድ ነው። እግርህ መርገጫው ላይ ነው፣ ደስ ብሎሃል፣ ምንም አይታይህም።

እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ መኪናው ጤነኛ ይሁን፦ የሲሊንደሮቹ ጭመቃ ይለካ፣ ካንዴላና ቦቢና ይታዩ፣ ፊልትሮ ይቀየር፣ ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ አየር እንደማያፈስ ይፈተሽ። ብዙ ሰው «ተጨማሪ ግፊት» ፈልጎ የሚመጣው ያለውን ግፊት በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ እያፈሰሰ ነው። ቀጥሎ መለኪያ፦ ግፊቱን፣ የሚገባውን አየር ሙቀት፣ በዋይድባንድ ሴንሰር ደግሞ የድብልቁን ልክ መዝግብ። ምንም ሳትቀይር፣ ባልተሻሻለው መኪና ላይ መዝግበውና ፋይሉን አስቀምጠው። ነገ «ተሻለ» ወይም «ባሰ» የምትለው ከዚህ ጋር አስተያይተህ ብቻ ነው። ከዚያ ኢንተርኩለር። ሶፍትዌሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱንም የሚያዘጋጅልህ ሰው ያንተኑ መኪና ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ መድረክ) ላይ አውጥቶ እየለካ ይሥራው። ለሌላ መኪና የተሠራ ፋይል አምጥቶ የሚጭን ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው፣ ያውም ባንተ ሞተር። በ98 ኦክቴን (ነዳጁ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) የተስተካከለ ሶፍትዌር ይዘህ 91 መቅዳትም ያው ቁማር ነው።

እኔ ብሆን በጥሩ ኢንተርኩለር 1.1 ባር ላይ እቆም ነበር። ከዚያ በላይ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል፣ ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) መታሰብ አለበት፣ ዋስትናህና የአገርህ የቴክኒክ ምርመራ ደንብም መጠየቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ «ፕሽሽ» የሚለውን ድምፅ ወድጄ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ አስገጠምኩ። አሁን ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ሞተሩ ይደናቀፋል፣ በጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ አያለሁ።

መኪናህ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ከፊልትሮው ኋላ ካለው፣ መልሱ እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ አየሩን አንዴ ቆጥሮታል፤ አንተ ደግሞ የተቆጠረውን አየር ውጭ ደፋኸው። ለሌለ አየር ነዳጅ ይረጫል። ያ ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው፤ ሲቆይ ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ያበላሻል። አየሩን ወደ መግቢያው የሚመልሰውን የፋብሪካ ቫልቭ መልሰህ አስገጥም።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ኔትወርክ መማር ጀምሬ በሰርተፊኬቱ ብዛት ግራ ገባኝ። የትኛውን ልያዝ? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?

አላለፈብሽም፣ እኅቴ። ሒሳብ የሠራ ሰው እዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ይገባል፦ ቁጥሩ ካልታረቀለት አይተኛም። የኔትወርክ ብልሽት ማደን ይኸው ነው። የሚወጣውና የሚገባው አልታረቀም፤ የት ጋ እንደጎደለ ትፈልጊያለሽ።

ስለ ሰርተፊኬት አጭር ነገር ልበልሽ። ከኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ከሲስኮ ሲሲኤንኤ የሚባለውን ያዢ። ከየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ፈተና የሚያልቅ ሲሆን ሰርተፊኬቱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። በአንድ አምራች መታሰር ካልፈለግሽ የኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስ አለ። አንዱን መርጠሽ ጨርሺ። ሾልከው የወጡ ጥያቄዎችን ሸምድደው የሚያልፉ አሉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ይላሉ።

እኔ የምጠይቀውን ልንገርሽ። 192.168.10.0 ከነ/26ቱ የሚባለው የአይፒ አድራሻ ክልል ስንት አድራሻ አለው? 64፤ ሁለቱ ለኔትወርኩ ራሱ ስለሚያዙ ለመሣሪያ የሚሰጡት 62። ይህን ያለ ማሽን መመለስ አለብሽ። ቀጥዬ፦ የአንድ ድረ ገጽ ስም ጽፈሽ ስትጫኚ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ምን ምን ይሆናል? ዲኤንኤስ ስሙን ወደ ቁጥር ሲለውጥ፣ ኮምፒውተርሽ የጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚያወጣውን ራውተር) አድራሻ በኤአርፒ ሲጠይቅ፣ ራውተሩ መንገድ ሲመርጥ፣ ኮምፒውተርሽና ሰርቨሩ ንግግር ለመክፈት በቲሲፒ ሲጨባበጡ። ይህን ታሪክ በራሷ ቃል ከጫፍ ጫፍ የምትነግረኝን ሰው ሰርተፊኬት ባይኖራትም እቀጥራለሁ። ለመለማመድ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉትን ፓኬት ትሬሰርን ወይም ጂኤንኤስ3ን ጫኚ፤ ዋየርሻርክን ከፍተሽ የራስሽን ኮምፒውተር ንግግር አዳምጪ። የሠራሽውን ኔትወርክ ሆን ብለሽ አበላሺው፣ ከዚያ ጠግኚው። ትምህርቱ ያለው መጠገኑ ላይ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ በሙሉ ቆመ። ራውተር አጥፍተን አበራን፣ ሰርቨሮቹን ፈተሽን፣ አገልግሎት ሰጪው ጋ ደወልን። ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አልረሳውም፤ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። በመጨረሻ ያገኘናት አንድ ሜትር የማትሞላ ኬብል ናት። ሁለቱም ጫፎቿ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች ማገናኛ) ላይ ተሰክተዋል። ጠረጴዛውን ያጸዳ ሰው ጫፏ ተንጠልጥሎ አይቶ በቅንነት ሰክቷት ነበር። የአይፒ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ በየራውተሩ ሲያልፍ ይቀነስበታል። ጥቅሉን በኬብሉ ላይ የሚሸከመው የኢተርኔት ፍሬም ግን ይህ ቆጣሪ የለውም፤ ቀለበት ካገኘ እየተባዛ ሲዞር ይኖራል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ ይህን ለመከላከል ነው፤ እኛ ጋ ግን ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደጠፋ የሚናገር አንዲት የተጻፈች መስመር አልነበረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ነገር ሳልጽፍ አልቀይርም። የሒሳብ ባለሙያ ነሽና ይህን ልማድ እኔ አላስተምርሽም።

የመጀመሪያ ሥራሽ ኬብል መዘርጋት ወይም ስልክ እያነሱ ተጠቃሚ መርዳት ሊሆን ይችላል። አትናቂው።

ጥያቄ፦ ልጄ ደመወዙን ሁሉ መኪናው ላይ ይጨርሳል። «ዛሬ ደግሞ ፈጣን አደረግሁት» ባለኝ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ተው ብለው አይሰማኝም። ምን ልበለው?

እናቴ፣ «ተው» አይበሉት፤ ይጠይቁት። «ፍሬኑንስ?» ይበሉት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ60 ወደ 120 የሄደ መኪና ለማቆም ቢያንስ አራት እጥፍ መንገድ ይፈልጋል፤ ሞተሩን አሻሽሎ ፍሬኑን የተወ ልጅ ግማሹን ሥራ ነው የሠራው። ጎማውን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጎማው ካረጀ «የሚቀጥለው ወጪ እዚህ ይሁን» ይበሉት። ሙያውን አክብረው የጠየቁት ልጅ ይሰማል። ፍጥነቱንም ለተዘጋ የውድድር ሜዳ ያቆየው፤ በዚህ ላይ ግን ምንም ድርድር አይቀበሉት።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ ገባ፣ አውቶሜሽንም መጣ። ኔትወርክ የተማርኩት በከንቱ ነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ማዕከሎቻቸውን ማገናኛ መስመር ቆረጠው፤ በዚህም ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨሮቻቸው የሚያደርሱት የቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዳቸውን እርስ በርስ የሚያሳውቁበት ሥርዓት) መንገዶች ተሰረዙ። ሰርቨሮቹ በሕይወት ነበሩ፤ መንገዱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። በዓለም ትልቁ አውቶሜሽን ካላቸው ድርጅቶች አንዱ ላይ ነው ይህ የሆነው፣ መሐንዲሶቹም በአካል ወደ ማዕከሎቹ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል።

ክላውድ ውስጥም ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍልፋይ)፣ የመንገድ ሰንጠረዥና ፋየርዎል አለ። የተለወጠው እጅህ ነው፦ 200 ስዊች ላይ አንድ በአንድ ገብቶ መጻፍ እየቀረ ነው። ስለዚህ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተን ተማር፣ ብዙ መሣሪያ በአንዴ የሚያዋቅረውን አንሲብልን ልመድ፣ የምትቀይረውን ሁሉ የለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት ያዝ። አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት አይፒቪ6ንም አትሽሽ። የአሮጌው የአይፒቪ4 አድራሻ ዋናው ክምችት ያለቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም «በኋላ እማረዋለሁ» የሚል ባለሙያ ሳይ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ተርቦ መኪና ከማጥፋቴ በፊት ማቆየት አለብኝ?

ረጋ ብለህ ነድተህ ከደረስክ አያስፈልግም። አቀበት ገፍተህ ወይም በኃይል ነድተህ ከሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈት ይዙር፤ አለዚያ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቆመው ዘይት ይከስላል። ከዚህ የበለጠ የምለምንህ ግን ሌላ ነው፦ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭ ትንሽ ተርቦ በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር መርገጫውን እስከ ታች አትርገጥ። ያለጊዜው የሚመጣ ፍንዳታ ፒስተን ይሰብራል። ማርሽ ቀንስና ርገጥ። ዘይቱም ለዚህ ተብሎ የተፈተነ፣ ለምሳሌ ዕቃው ላይ «ኤፒአይ ኤስፒ» የሚል የደረጃ ምልክት ያለበት ይሁን።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ እየተማርኩ ነው፣ ልቤ ግን ጋራዥ ነው። አንዱን ልምረጥ?

ለእንጀራህ ኔትወርክን ያዝ፤ መኪናውን ለፍቅር ተወው። መኪና ማሻሻል ገንዘብ ይበላል፤ የምትወደውን ነገር የወር ወጪ እንዲሸፍን ስታስገድደው ደግሞ ደንበኛው የጠየቀህን 1.4 ባር «እሺ» ማለት ትጀምራለህ።

ግን ሁለቱ የተለያዩ እንዳይመስሉህ። ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካን ባስ መኪና ውስጥ ያለ ኔትወርክ ነው። ሞተሩ፣ ፍሬኑና ካምቢዮው በሁለት የተጠማዘዙ ገመዶች ይነጋገራሉ፤ ትንሽ ቁጥር ያለው መልእክት ቅድሚያ ያገኛል፣ ሌላው ዝም ይላል። አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ኢተርኔትም ገብቷል። ይህን የሚረዳ ሰው በሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም።

ዛሬውኑ ጀምር። መኪናውን አጥፋ፣ ባትሪውን ንቀል፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት 6ኛውና 14ኛው ፒን መካከል ያለውን ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ለካ። የመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ተከላካዮች (ሬዚስተሮች) ስላሉ፣ በብዙ መኪኖች 60 ኦም ገደማ ታነባለህ። 120 ካሳየህ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ገመዶቹ ተነካክተዋል። ያነበብከውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ቀጣዩን ከዚያ እንነጋገራለን።