የቤሩቱ ሰባት ቁጥር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። አክስቴ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ባለፈው ክረምት ተመለሰች። ከሻንጣዋ አንድ ቀይ ማሊያ አውጥታ ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ 7 ቁጥር አለ፣ ስሙ በዐረብኛ ተጽፏል። «ሐሰን ማዕቱቅ ነው፣ እዚያ አገር ከሱ በላይ ተጫዋች የለም» አለችኝ። ለብሼው ስድስት ኪሎ ጀበና ቡና ጋ ብሄድ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «አውሮፓ ያልተጫወተውን ማን ያውቀዋል?» አሉ። ሰውዬው ማነው? እውነት ትልቅ ተጫዋች ከሆነ ለምን አውሮፓ አልሄደም?
ሰ.ተ.፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ አክስትህ ልክ ናቸው። ማሊያውን ልበሰው።

ሐሰን ማዕቱቅ በሊባኖስ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ብዙ ጎል ያገባ ተጫዋች ነው። ብዙ ጊዜ የተሰለፈውም እሱ ነው። ሁለቱ ክብር አንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ተወለደ፣ በ2006 ለአገሩ መጫወት ጀመረ፣ በ2024 ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። (ለሊባኖሱ ጉዳይ የፈረንጅ አቆጣጠር እጠቀማለሁ፣ እንዳያምታታህ።) መስመር ላይ የሚጫወት ፈጣን አጥቂ ነው፣ በአምበልነትም ቡድኑን ለዓመታት መርቷል።

ጓደኞችህ የሳቁት የሊባኖስን ኳስ ስለማያውቁት ይመስለኛል። እስቲ ትንሽ ላውራህ።

በየካቲት 2005 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪ ቤሩት ውስጥ በቦምብ ተገደሉ። አገሪቱ ተከፋፈለች። እዚያ ክለቦች ከፖለቲካና ከሃይማኖት ወገን ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ስታዲየም ውስጥ የሚጀመር ስድብ መንገድ ላይ ወጥቶ ደም ሊያፋስስ ይችላል ተብሎ ተፈራ። መንግሥት ተመልካች ከለከለ። ክልከላው የአንድ ሳምንት ወይም የአንድ ወር ነገር አልነበረም፣ ለዓመታት ቆየ። ማዕቱቅ ተጫዋች ሆኖ የወጣው በዚያ ዘመን ነው። ከመጀመሪያ ክለቡ ከአል-ዓህድ ጋር በ2008፣ በ2010 እና በ2011 የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ሊጉ በዝግ ስታዲየም የሚካሄድ ሊግ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ስታዲየም በዝግ የተደረገ ጨዋታ ገብቼ አይቻለሁ። በረኛው ተከላካዮቹ ላይ ሲጮህ ቃል በቃል ይሰማል። ኳስ ስትመታ ድምፁ ከባዶው መቀመጫ ላይ ይመለሳል። ጎል ሲገባ ልጆቹ ተቃቅፈው ወዲያው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ የሚሮጡበት ወገን የለማ። አጥቂ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሕዝብ ጩኸት የሚፈልግ ተጫዋች ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጎል ማግባት ተምሮ ለአገር ሲበቃ፣ እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

በሮቹ ሲከፈቱ ምን እንደሆነ ደግሞ ስማ። ኅዳር 15 ቀን 2011 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ ኮሪያ ቤሩት መጣች። የስፖርት ከተማው ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላ። ሊባኖስ 2 ለ 1 አሸነፈች። የዚያን ዘመን ቡድን ነው እንግዲህ ማዕቱቅ ለዓመታት የተሸከመው። በቀጣዩ ዓመትም ኢራንን እዚያው ቤሩት 1 ለ 0 አሸነፉ።

አሁን ወደ አውሮፓው ጥያቄህ። የሊባኖስ ሊግ ደመወዝ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይሠራሉ። የአውሮፓ መልማዮችም ባዶ ስታዲየም ለማየት ቤሩት አይመላለሱም። ባሕረ ሰላጤው ግን ቅርብ ነው፣ ገንዘብም አለው። በዚያን ጊዜ የኤምሬትስ ክለቦች ከሦስት የውጭ ተጫዋቾች በተጨማሪ አንድ እስያዊ ማስፈረም ይችሉ ነበር። ብራዚላዊውና አፍሪካዊው ሦስቱን ቦታ ሲሻሙ፣ ለአራተኛው ቦታ የመላ እስያ ተጫዋች ይጋፋል። ማዕቱቅ በዚያች በር ገባ። ዓጅማን፣ ኤምሬትስ ክለብ፣ አል-ሻዕብ፣ ፉጀይራ እያለ ለዓመታት እዚያው ቆየ። ትልልቆቹ ክለቦች አልነበሩም፣ ግን በየዓመቱ የሚፈልገው ክለብ አላጣም። ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ምርጫ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል? አክስትህም የተሰደዱት ለእንጀራ ነው።

ለነገሩ አውሮፓ መድረስ ሁሉን ነገር አይነግርህም። የእኛው ሳላዲን ሰኢድ ቤልጅየም ሊርስ ተጫውቷል። ስንቱ ሰው ያስታውሰዋል? በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳን ላይ አዳነ ግርማና እሱ ያገቧቸውን ሁለት ጎሎች ግን ስታዲየም የነበረም በቴሌቪዥን ያየም አይረሳቸውም። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡን ጎሎች ናቸው።

ማዕቱቅ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ መጀመሪያ ለነጅሜህ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ለአንሷር ተጫወተ። ይህን በቀላሉ አትለፈው። ነጅሜህና አንሷር የቤሩት ደርቢ ናቸው፣ ከጊዮርጊስ ወጥቶ ቡና እንደመግባት ነው። አንሷር እስከ 1999 ድረስ 11 ጊዜ በተከታታይ ሊጉን የበላ ክለብ ነው፣ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ዋንጫ ራቀው። ማዕቱቅ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2021፣ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የ2019ኙ የእስያ ዋንጫ ነው። ሊባኖስ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ተሳትፋለች፣ በ2000፣ ያውም አዘጋጅ ስለነበረች። በማጣሪያ አልፋ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። አምበሉ ማዕቱቅ ነው። በካታር 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሳዑዲም 2 ለ 0። የቀራቸው ሰሜን ኮሪያ ነው።

ጨዋታውን ያየሁት ገና ያልፈረሰው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ነው። የከተራ ዋዜማ ስለነበር ሰው ሁሉ ሽር ጉድ ይል ነበር። አስተናጋጇ ቤሩት ኖራ የመጣች ልጅ ናት፣ ቻናሉን የቀየረችውም እሷ ነች። የዐረብኛውን ዘጋቢ እየሰማች ትነግረናለች። ሰሜን ኮሪያ ቀድማ አገባች። ሊባኖሶች አቻ ሆኑ፣ መሩ፣ ማዕቱቅ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ በጭማሪ ሰዓት ደግሞ አራተኛዋ ገባች። 4 ለ 1! እኛ ያለፉ መስሎን አጨበጨብን። ልጅቷ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከየምድቡ ሦስተኛ ከወጡት አራቱ የተሻሉት ያልፋሉ። ሊባኖስና ቬትናም ለመጨረሻዋ ቦታ ተፋጠጡ። ሁለቱም 3 ነጥብ፣ ሁለቱም 4 አግብተው 5 የገባባቸው። ምንም የሚለያቸው የለም። ስለዚህ ካርድ ተቆጠረ። ቬትናም 5 ቢጫ፣ ሊባኖስ 7። ሊባኖስ ወደቀች። ቬትናም ደግሞ አልፋ ዮርዳኖስን በመለያ ምት ጥላ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ደንቡ ደንብ ነው፣ አልከራከርም። ግን በሁለት ቢጫ ካርድ! ከእነዚያ ካርዶች ስንቱ ዳኛ ላይ በማጉረምረም የመጣ ይሆን እያልኩ እስካሁን ይከነክነኛል። የሰፈር ልጆች ሳሠለጥን በዳኛ ላይ አፍ የሚከፍት ተጫዋች የማልታገሠው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ ልንገርህ። ሰኔ 2024፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ከባንግላዴሽ ጋር። ሊባኖስ 4 ለ 0 አሸነፈች፣ ማዕቱቅ ሀትሪክ ሠራ። በ36 ዓመቱ! ጨዋታው በወረቀት ላይ የሊባኖስ የሜዳዋ ጨዋታ ነው። የተካሄደው ግን ዶሃ፣ ካታር ነው፣ በደቡብ ሊባኖስ ጦርነት ነበርና። በዝግ ስታዲየም ያደገ ተጫዋች፣ ስንብቱም ከቤሩት ርቆ ሆነ። ይህ እኛንም ያመናል። ስታዲየማችን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ዋልያዎቹ «የሜዳችን» የሚሉትን ጨዋታ ሰው አገር ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነ? ለገሃር በኩል ሳልፍ አጥሩን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ጓደኞችህን እዚያው ጀበና ቡና ጋ ሰብስብና ይህን አንብብላቸው። አክስትህንም ጠይቃቸው። እሳቸው የሠሩበት ቤት የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደነበር ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በሊባኖስ ቡድን ውስጥ ስማቸው በ«ያን» የሚያልቅ አርመኖች ነበሩ ይባላል። እኛ ፒያሳ ከአርመኖች ጋር ስላደግን ነው የምጠይቀው።
የአራዳ ልጅ

መልስ፦ ነበሩ እንጂ! ከማዕቱቅ በፊት የጎሉ ክብረ ወሰን የቫርታን ጋዛሪያን ነበር፣ 21 ጎል። አርመን ውስጥ ተወልዶ የሊባኖስ ዜግነት ያገኘ አጥቂ ነው፣ ቤሩት ለአርመኖቹ ክለብ ለሆመነትመን ተጫውቷል። ቤሩት ብዙ አርመን አለ፣ ኳሳቸውም የቆየ ነው። የእኛዎቹም አላነሱም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከጊዮርጊስ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ጋር የተሰለፈው የአርመኖቹ አራራት ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የአራራትን የድሮ ፎቶግራፍ ያስቀመጠ የፒያሳ ሰው ካለ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ይበል፣ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።