ስምንት ጎብሊኖች ከአንድ ኦገር ለምን ከበዱ?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ እኔንም ጨዋታ መምራት በጀመርኩበት ዓመት አስጨንቆኝ ነበር። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) አምስተኛ እትም አራቱ ባለሦስተኛ ደረጃ ተጫዋቾችህ ኦገሩን (የልጅነታችን ተረት ጭራቅ እንበለው) በሁለት ዙር ጣሉት፤ ስምንቱ ጎብሊኖች (ትናንሾቹ ጭራቆች) ግን ከመካከላቸው ሁለቱን ዘረሯቸው። ለድሉ የሚከፈለውን የልምድ ነጥብ ስትደምር ኦገሩ እንደሚበልጥ አይተሃል፤ አንድ ተጫዋችህ ደግሞ «የጎብሊኖቹ ነጥብ ተባዝቶ ይሰጠን» ብሎሃል።

የሕይወት ነጥባቸውን (ከመውደቃቸው በፊት የሚችሉትን ጉዳት) በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ተመልከት። ኦገር 59 አለው። ጎብሊን 7 ብቻ፤ ስምንቱ ሲደመሩ 56። እኩያ ይመስላሉ። ጉዳዩ ያለው ተራው ላይ ነው። ኦገሩ በዙር አንድ ጊዜ ዱላውን ያነሳል፤ ከሳተ ዙሩ ባዶ ነው። የመከላከያ ቁጥሩም (ለመምታት ዳይሱ ከነጭማሪው መድረስ ያለበት) 11 ስለሆነ እሱን መምታት አያስቸግርም። ጎብሊኖቹ በዙር ስምንት ጊዜ ይወጋሉ፤ ሦስቱ ቢሞቱ አምስቱ ወግተው ይደበቃሉ።

የ2014ቱ መመሪያ የውጊያውን ክብደት ለመለካት የልምድ ነጥቡን የሚያባዛው ለዚህ ነው። ጠላቶቹ ከ7 እስከ 10 ከሆኑ ድምሩ በ2.5 ይባዛል። የጎብሊኖቹ 400 ነጥብ 1,000 ሆነ፤ ለአንተ ቡድን «ከባድ» የሚጀምረው ከ900 ነው። የኦገሩ 450 ደግሞ የ«መካከለኛ» መነሻ ከሆነው 600 አይደርስም።

የተባዛው ቁጥር ግን መለኪያ እንጂ ክፍያ አይደለም። ለጎብሊኖቹ እያንዳንዱ ተጫዋች 100 ይወስዳል፤ ለኦገሩ 112። አዎን፣ ቀላሉ ውጊያ የተሻለ ይከፍላል! ይህ አናድዶኝ ለግማሽ ዓመት የተባዛውን ስከፍል ቆየሁ። ተጫዋቾቼ ብልጦች ናቸው፤ መንጋ ፍለጋ ዋሻ ለዋሻ መዞር ጀመሩ፤ ደረጃቸውም ካዘጋጀሁት ታሪክ ቀድሞ ሄደ።

አሁን የምከፍለው ለዓላማው ነው። ዓላማው ምርኮኛ ማስፈታት ከሆነ፣ ጎብሊኖቹን ቢገድሏቸውም፣ ቢያታልሏቸውም፣ በጓሮ ሾልከው ቢያልፉም ያው 100 ነጥብ ነው። ለገደሉት ብቻ እከፍል በነበረበት ጊዜ አንድ ሸሽቶ የሚሮጥ ጎብሊን ለማሳደድ ግማሽ ሰዓት አቃጥለዋል፤ ለነፍስ ወከፍ 12 ነጥብ!

ስሌቱ የማያውቀው ነገርም አለ። እነዚያው ስምንት ጎብሊኖች በጠባብ በር ሁለት ሁለት ሆነው ሲገቡ ይረግፋሉ፤ ሜዳ ላይ ቀስት ይዘው ሲበተኑ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። የ2014ቱ መመሪያ በሁለት ረጅም ዕረፍቶች (ጉልበትና አስማት በሚታደሱባቸው) መካከል ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያ ይጠብቃል፤ በእኔ ጠረጴዛ ከሁለት አልፎ አያውቅም። አስማተኛው ሁሉንም አስማቱን ይዞ ሲመጣ «ከባድ» የተባለው ውጊያ ይለሰልሳል። የ2024ቱ መመሪያ ደግሞ ማባዣውን ስላስቀረው፣ በእሱ የምትመራ ከሆነ ተራውን ራስህ ቁጠር።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ኦገሩን ከሦስት ጎብሊኖች ጋር አሰልፈው። ድምሩ 600፣ ለአራት ጠላት በ2 ሲባዛ 1,200 ነው፤ ከባድ ነው፣ ነገር ግን «ገዳይ» ከሚባለው 1,600 አይደርስም። ክፍያው ለእያንዳንዱ 150። ጎብሊኖቹን ቀስት አስይዘህ ኮረብታ ላይ የምታወጣቸው ከሆነ ግን አንዱን ቀንስ።